እናቷ ያልሰማችው ኦርጋን

ሰብለወንጌል ኦርጋን ትጫወታለች ሲባል ሮም ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚመጣለት አንድ ነገር ነው፤ ሠርግ። ዘፋኙ አጠገብ ቆሞ፣ በብረት እግር ላይ የተዘረጋ ኪቦርድ እየነካካ ከበሮውንም ዋሽንቱንም ከአንድ ሳጥን የሚያወጣ ሰው። አንድ ጊዜ ቲቡርቲና አካባቢ መጠለያ ውስጥ የሚኖር ሞላልኝ የሚባል ጎረምሳ፣ ጴንጤ ነው፣ ስልኳን ከሰው ተቀብሎ ደወለላትና፣ "እኅቴ፣ እሑድ ፕሮግራም አለን፤ ኦርጋንሽን ይዘሽ ብትመጪልን" አላት።

"የኔ ኦርጋን'ኮ ሦስት ፎቅ ያክላል" አለችው።

ትንሽ አሰበና፣ "ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ የጭነት መኪና እንፈልጋለን" አለ።

ይህን ስታወራ ሰው ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ሆኖም "የኔ ኦርጋን" ያለችው እንዲያው ለአፏ ነው። የሷ የሚባል ኦርጋን የትም የለም። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው መሣሪያውን አቅፎ አገር ይዞራል፤ ኦርጋን የሚጫወት ግን ራሱ ተነሥቶ መሣሪያው ወዳለበት ይሄዳል። የየአገሩ ኦርጋን ደግሞ ጠባዩ ለየቅል ነው። አንዱ ገና ሲነኩት ይጮኻል፣ ሌላው ጣት ካልሰበርኩ ይላል፣ ሦስተኛው ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይኮርፋል። ስለዚህ ከኮንሰርቱ ቀናት ቀድማ ትደርስና ከቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ቁልፍ ተቀብላ፣ ምእመናኑ ሲወጡላት፣ በክረምት ካፖርቷን እንደ ለበሰች ትለማመዳለች። ሶላቸው ስስ የሆነ ጫማዎች አሏት፤ እግሯ የእንጨት ፔዳሎቹን በደንብ እንዲያውቃቸው እነሱን ታጠልቃለች። እንደ አዲስ ሙሽራ የቤቱን አመል እስክትለምድ ድረስ ጭንቅ ነው። በለመደች ማግስት ደግሞ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሌላው ትሄዳለች።

እንዲህ እየሆነች ስንቱን አገር አዳረሰች። ጀርመን ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ኦስትሪያም ፖላንድም ስዊድንም ይጠሯታል። ረጅሙ ስሟ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይለጠፋል፤ አንዳንዴ ፊደል ጎድሎት፣ አንዳንዴ ተርፎት። ሮም ስትመለስ እሑድ እሑድ በአንድ ደብር ለቅዳሴ ትጫወታለች፣ ተማሪዎችም አሏት። ሙያዋ ይኸው ነው፤ ደህና ሙያ ነው።

በዚህ ሁሉ ዓመት ግን አንድ ሰው ሰምቷት አያውቅም። እናቷ። ስሙን የማታውቀው የፖላንድ ሽማግሌ እንባው እየወረደ እጇን ስሟታል፤ የወለደቻት እናት ግን አንዲት ዜማ አልሰማችላትም። ይኼ ነገር ሰብለወንጌልን ያንገበግባታል። ይህን አክዬ፣ ሽበት ጀምሮኝ፣ እንደ ሕፃን እናቴ አላየችልኝም ብዬ ላልቅስ? ትላለች ለራሷ። ከዚያ ታለቅሳለች።

አሁን ደግሞ ጊዜው አለቀ። እናቷ አሰለፈች ጡረታ ወጥታለች። ፖንቴ ማሞሎ የተከራየቻትን ክፍል አስረክባ ማክሰኞ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነው፤ ጉለሌ የእኅቷ ልጆች ክፍል አዘጋጅተው ይጠብቋታል። ከማክሰኞው በፊት ባለው እሑድ ሰብለወንጌል እዚሁ ሮም መሐል፣ በአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ኮንሰርት አላት። እሱ ካመለጠ ሌላ ቀን የለም። ጉለሌ ድረስ በጭነት መኪና አይኬድ!

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። አሰለፈች ሮም ስትመጣ የተቀጠረችው ፊሳ ሆና ነው፤ እዚያው አሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ። ሲኞራዋ ክፉ አልነበረችም፤ ሕፃን ግን ቤቷ እንዲያለቅስባት አትፈልግም። የልጅቷ አባት አንደኛውን ካናዳ ሄጄ ልጥራችሁ ብሎ የወጣ ነው፤ እስካሁን እየጠራ ነው። እናም የብዙዎቹ ሴቶቻችን ልጆች የሄዱበት መንገድ ለሰብለወንጌልም ደረሳት። ኖሜንታና መንገድ በኩል መነኮሳት የሚያስተዳድሩት ኮሌጆ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ገባች፤ እዚያው በላች፣ እዚያው ተማረች፣ እዚያው አደረች። እናቷ የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው፤ የቤት ሠራተኛ የሚያርፈው ያኔ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ በሐበሻ ሴት ይሞላል፤ ወሬው፣ ፎቶግራፉ፣ ከአገር የመጣው በርበሬ እዚያ ነው የሚከፋፈለው። አሰለፈች ግን ቆማ አታወራም። በርበሬዋን ትቀበልና ወደ ልጇ ትሮጣለች።

ሲመሽ መለያየት አለ። መጀመሪያ ሰሞን ሰብለወንጌል የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ስትጮህ ሰፈሩ ይሰማ ነበር። ሱኦር አንጄላ የሚባሉ አንዲት አሮጊት መነኩሲት፣ የጸሎት ቤቱን ኦርጋን የሚጫወቱት እሳቸው ነበሩ፣ መላ ዘየዱ። እናትየዋ ልትወጣ ስትል ልጅቷን ይዘው ይሄዱና ኦርጋኑ ላይ ያስቀምጧታል። "ማማ መንገድ ላይ እንድትሰማሽ ተጫወቺላት" ይሏታል። እግሯ ፔዳሉ ላይ አይደርስም፤ በሁለት ጣት ጀመረች። ልቅሶው ቆመ፣ መነኮሳቱም እፎይ አሉ። ልጅቷ ግን በልጅ አእምሮዋ የራሷን ነገር አምናለች፤ አሳምሬ፣ ጮክ አድርጌ ከተጫወትኩ እናቴ ከመንገድ ትመለሳለች። በየሳምንቱ ሞከረች። እናቷ አልተመለሰችም። እንግዲያው ገና አላሳመርኩም ማለት ነው ብላ ይበልጥ ተማረች።

በኋላ ኮንሰርቫቶሪዮ፣ የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ስትገባ መምህሯ እንዲህ ያለ ታታሪ ተማሪ አይቼ አላውቅም ብለው ለሰው ሁሉ ያወሩላት ነበር። ትጋት መሰላቸው። ናፍቆት ነው እንጂ ምን ትጋት አለው።

እናቷን ለማምጣት ደግሞ ያልሞከረችው የለም። የተመረቀች ዕለት አሰለፈችን ጥርሷን አመማት። የመጀመሪያው ኮንሰርት ዕለት ሲኞራዋ ወደቀች። (መውደቋስ እውነት ነው፤ የወደቀችው ግን በሌላ ወር ነው።) አንዴ ጉልበቴ ነው፣ አንዴ ጾም ነው፣ አንዴ የሜትሮ ሠራተኞች አድማ፣ ሾፔሮ ነው፤ ሮም ደግሞ ሾፔሮ አይጠፋም። በመጨረሻ የማይነቀል ምክንያት አገኘችና እሱኑ ይዛ ቀረች። "እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የካቶሊክ ኦርጋን ምን ሊያደርግልኝ?"

ሰብለወንጌል አመነች። ማንስ ቢሆን የማያምን! በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ነው፤ ኦርጋን የሚባል ነገር ደጁን አይረግጥም። የእናቷ የጽዋ ማኅበር ጓደኛ እትዬ የሺወርቅማ አንድ ቀን ለብቻዋ ጠርተው፣ "ልጄ፣ በስተርጅና እናትሽን ሃይማኖት አታስለውጫት" ብለው መክረዋታል። የንስሐ አባቷ ከልክለዋት ነው ብሎ ሁሉም ተስማማ።

ስለዚህ አሁን፣ ማክሰኞ ሲቃረብ፣ ሰብለወንጌል ወደ ንስሐ አባትየው ሄደች። አባ ዘመንፈስቅዱስ ቅዳሴ ጨርሰው ሲወጡ ጠብቃ መስቀል ተሳለመች።

"አባ፣ እናቴን ይፍቱልኝ።"

"ከምን?"

"ኮንሰርቴን እንዳትሰማ ከልክለዋታል አይደል? አንድ ቀን ብቻ ይፍቀዱላት። ልትሄድብኝ ነው።"

አባ መስቀላቸውን እንደ ያዙ አዩዋት። "እኔ? ኧረ እኔ ምን አግብቶኝ! ቅዳሴያቸውን አስቀድሺ እንደሆነ አልላትም። ልጇ ሙዚቃ ስትጫወት ቁጭ ብላ ብትሰማ ግን ምን ኃጢአት አለው? እኔ ራሴ በስልክ ሰምቼሻለሁ። ትንሽ ይረዝማል እንጂ ደህና ነው።"

"እሷ ግን..."

"ጠይቃኝም አታውቅ። ይህን ሁሉ ዓመት ስታናዝዘኝ... ሳናዝዛት ማለቴ ነው፣ ስላንቺ ኦርጋን አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ሂጂና ራሷን ጠይቂያት።"

ሰብለወንጌል ሜትሮ ውስጥ ተቀምጣ ፖንቴ ማሞሎ እስክትደርስ ደሟ ፈላ። ሃይማኖት ሲሆን ይቻላል፤ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር አይጣላም። ሃይማኖት ካልሆነ ግን የቀረው እሷ ራሷ ናት ማለት ነው። እናቴ እኔን ነው መስማት ያልፈለገችው።

አሰለፈች ሻንጣ እየጫነች ነበር። አልጋው ላይ የጉልበት መድኃኒት፣ የሞካ ጀበና፣ ለጉለሌ ዘመድ አዝማድ የተገዛ ነጠላ ጫማ ተከምሯል።

"አባ አልከለከሉሽም" አለች ሰብለወንጌል በሩን ሳትዘጋ።

አሰለፈች ቀና አላለችም። "ከለከሉኝ ያለ ማን ነው?"

"አንቺ ነሻ!"

"ኦርቶዶክስ ነኝ አልኩ። እሱ ደግሞ ውሸት አይደለም። አሎራ፣ በይ ይችን ዚፕ ያዢልኝ።"

ሰብለወንጌል ዚፑን አልያዘችም። ስትናደድ አማርኛዋ ይሸሻታል፤ የተወሰነውን በጣሊያንኛ፣ የተወሰነውን በልቅሶ ተናገረችው። የማታውቀው ሰው ሁሉ ዝናብ እየመታው እንደሚመጣላት፣ በጨረሰች ቁጥር ከሚያጨበጭበው ሕዝብ መሐል እናቷን ፈልጋ እንደምታጣ። "ታፍሪብኛለሽ? ወይስ የሰው ልጅ ነርስ ሆነ፣ ጠበቃ ሆነ፣ የኔዋ ቧንቧ ታስጮኻለች ነው? ንገሪኝና ይውጣልኝ!"

አሰለፈች የሞካውን ጀበና አስቀመጠችና ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች።

"ድምፁን አልችለውም" አለች።

"የምኑን ድምፅ?"

"የኦርጋኑን ነዋ። አንቺ ውስጥ ነበርሽ ሰብሌ። እኔ ውጭ ነበርኩ። መነኩሲቷ በሩን ከኋላዬ ቆልፈው ሲመለሱ ትጀምሪያለሽ። እስከ ፌርማታው ድረስ ይከተለኛል። የሌሎቹ ልጆች ያለቅሳሉ፤ ልቅሶ ደግሞ ይደክመዋል፣ ዝም ይላል፣ እናትም ተኝቷል ብላ ትሄዳለች። ያንቺ አይደክመው! በየሳምንቱ እየጎላ፣ እያማረ... አንድ ቀን አውቶቡሱ ሲዘገይብኝ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ቆምኩ። አንዲት ጣሊያናዊት አሞሻል ወይ ብላ ውኃ ሰጠችኝ።"

ሰብለወንጌል ክፍት የተወችውን በር ዘጋችው።

"ዛሬም በቤተ ክርስቲያናቸው በር ሳልፍ ከሰማሁት መንገድ እቀይራለሁ። ሙዚቃ መሆኑን ሰው ነው የሚነግረኝ። እኔ ስሰማው ልጄን ጥዬ እየሄድኩ ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር አይሰማኝም።"

"እንድትመለሺ ነበር'ኮ የምጫወተው" አለች ሰብለወንጌል።

"አውቃለሁ" አለች እናቷ። "እሱ'ኮ ነው የገደለኝ።"

ከታች አንድ ሰው መኪና ለማስነሣት ይታገላል፤ እምቢ ይለዋል፣ እንደገና ይሞክራል። ሰብለወንጌል ተንበርክካ ዚፑን ያዘች። አሰለፈች በላዩ ተጫነችው፣ እየጎተቱ ዘጉት።

"እሑድ ነይ አልልሽም" አለች ሰብለወንጌል ስትወጣ። "ከእንግዲህ አልጠይቅሽም።"

"ቫ ቤኔ" አለች እናቷ።

እሑድ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ከተጠበቀው በላይ ሰው ገባበት። ኦርጋኑ ያለው ከዋናው በር በላይ፣ ከፍ ብሎ በተሠራ ሰገነት ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚያወጣው ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ ከበሩ ጎን ይጀምራል። አድማጩ ፊቱን ወደ መቅደሱ አድርጎ ይቀመጣል፣ ድምፁ ከኋላው ይመጣለታል። የሚጫወተውን ሰው የሚያይ የለም። የሚጫወተውም ሰው ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ ከቁልፎቹ በላይ የተሰቀለች ትንሽ መስታወት ብቻ ታችኛውን አዳራሽ ታሳየዋለች። ሰብለወንጌል ጫማዋን ቀይራ ተቀመጠች፤ መስታወቷን አስተካከለች። ሽበታም የሮም ሰዎች፣ ከሙቀቱ የሸሹ ጥቂት አገር ጎብኚዎች፣ የማያቋርጥ አንድ ሳል። በቃ፣ አልመጣችም፤ ደግሞም ባትመጣ እውነቷን ነው አለችና ጀመረች።

የመጀመሪያውን ሥራ ተጫወተች፣ ሁለተኛውንም ተጫወተች። ጭብጨባው ሲበርድ ቀና ብላ መስታወቱን አየች። መጨረሻው ወንበር ጥግ ላይ፣ ከዓምዱ አጠገብ ነጭ ነጠላ አለ። ትከሻው ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ያለ ነው። ሰብለወንጌል ከሁሉ ነገር በላይ የምታውቀው የእናቷን ጀርባ ነው፤ ልጅነቷን ሙሉ ሲሄድ አይታዋለች።

የቀረው የመጨረሻው ሥራ ነው፤ አንዲት አጭር ዜማ በሹክሹክታ ትጀምርና ራሷን እየደጋገመች፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደረበባት፣ መጨረሻ ላይ ቤቱን ሙሉ የምታናውጥበት ነው። ሰብለወንጌል ተነፈሰችና ዜማዋን አስነሣቻት። እማዬ እየሰማችኝ ነው። ይህን ብቻ እያሰበች እግሯ በፔዳሎቹ ላይ ሄደ። የድምፅ ዓይነት የሚከፍቱትን የእንጨት እጀታዎች አንድ በአንድ ሳበች፤ ዜማው ወፈረ፣ ወለሉ በትንሹ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ያን ጊዜ ነጠላዋ ተነሣች።

በመስታወቱ ውስጥ አሰለፈች የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቀጥ ስትል፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ፣ ወደ በሩ ስትዞር ታየች። አንገቷን ደፍታ መጣች፤ ከዚያ ከሰገነቱ ሥር ገብታ ከመስታወቱ ወጣች።

ልትሄድ ነው። አልቻለችውም። ሰብለወንጌል ተነሥታ እማዬ ብላ መጣራት ቢቻላት! ሁለት እጇ ተይዟል፣ ሁለት እግሯ ተይዟል። የተጻፈላት ኖታ ደግሞ ጨምሪ ነው የሚለው። እሷም ከልጅነቷ የምታውቀው እሱኑ ነው፤ ጨምሪ፣ አጉዪው፣ ትመለስ። ቀኝ እጇ ከሁሉ የጎላውን ድምፅ ወደሚከፍተው ትልቅ እጀታ ተዘረጋች። ከዚያ ፌርማታው ላይ ጆሮዋን ደፍና የቆመችው ወጣት ሴት ታየቻት። ከዛሬዋ ሰብለወንጌል በዕድሜ በብዙ የምታንስ ልጅ ነበረች'ኮ።

ትልቁን እጀታ አልነካችውም። የከፈተቻቸውን መዝጋት ያዘች። አንዱን ገፋችው፣ ሌላውን ገፋችው፤ የናስ የሚመስለው ድምፅ ጠፋ፣ ጥልቁ ጠፋ። ሙያውን የሚያውቅ አድማጭ ምን ነካት ሳይል አልቀረም። ይበል። ዜማዋ መጀመሪያ እንደ ነበረችው እስክትሆን ዝቅ አደረገቻት፤ እናቷ መንገድ እስክትሻገር እንዳይከተላት፣ አንዴ እንኳ በሰላም እንድትሄድ። እንባዋ እየወረደ ነው፤ የምታብስበት እጅ የላትም። ሂጂ እማዬ፣ ሂጂ በቃ፣ እያለች ተጫወተች።

በዚያ ዝቅታ መሐል አንድ ድምፅ ሰማች። ጫማ ነው፣ ድንጋይ ላይ ይጎተታል። ይቆማል። እንደገና ይጎተታል። ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ ተሰማ፤ ከጉልበቱ ጋር የሚጣላ ሰው ትንፋሽ።

አሰለፈች ግድግዳውን በመዳፏ እየደገፈች ከደረጃው ጫፍ ብቅ አለች። ነጠላዋ ወደ ትከሻዋ ወርዷል፣ ላቧ ግንባሯ ላይ ነው። ልጇ ስትጫወት በዓይኗ ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር። አራት ደርብ ሆነው የቆሙትን ቧንቧዎች አየች፣ የሚሮጡትን እግሮች አየች፤ ልጇ የተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ዳር ላይ እጇን አሳርፋ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆመች። ሰብለወንጌል ልትነካት አትችልም። ዘወር ብላ እንኳ በደንብ ልታያት አትችልም።

"ለምን ዝቅ አደረግሽው?" አለች እናቷ በሹክሹክታ፣ ቆጣ ብላ። "ደረጃው ጨለማ ነው። እሱን እየተከተልኩ'ኮ ነው የምወጣው።"

ሰብለወንጌል ጣቶቿን ከቁልፎቹ ሳታነሣ ጠጋ አለችላት።

"ጨምሪው" አለች አሰለፈች፣ አግዳሚው ላይ አጠገቧ እየተቀመጠች። "መጥቻለሁ።"